«ምን ልብላ?» ላልከኝ የቀፊራው ነጋዴ

ደብዳቤው ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም እህቴ። ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ዕድሜዬ 34 ነው፤ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ አባት ነኝ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ድብርት ይዞኛል። ጠዋት ስነሳ ሰው ማየት አልፈልግም። ደንበኛ ዋጋ ሲከራከረኝ ቱግ እላለሁ። ልጄ ስታለቅስ እጮህባታለሁ፤ ከዚያ ራሴን እጠላለሁ። አንዳንዴ ‹ሁሉም ነገር ምን ዋጋ አለው› እላለሁ። ባለቤቴ ‹ስለማትበላ ነው› ትለኛለች። እሷም ራሷ ሁልጊዜ ድካም ድካም ይላታል። ቁርስ አልወድም፤ ሁለት ሲኒ ቡና ጠጥቼ ሱቅ እከፍታለሁ። በዚህ ሙቀት ምሳ ሁለት ሦስት ጉርሻ ነው። ከሰዓት እንደ ማንኛውም የድሬ ልጅ ትንሽ እንቅማለን፤ በለስላሳና በሻይ። ማታ ምግብ አይገባልኝም፤ እንቅልፍም እንደዚያው። ቲክቶክ ላይ ምግብ ሙድ ይቀይራል ሲሉ አየሁ። ሙዝ፣ ጥቁር ቸኮሌት፣ ኦሜጋ ሦስት ይላሉ። አንድ ሰው ደግሞ ለድብርት የሚሆን ቫይታሚን በ2,800 ብር አመጣልሃለሁ ብሎኛል። እውነት ምግብ ሙድ ይቀይራል ወይስ የፈረንጅ ወሬ ነው? ቫይታሚኑንስ ልግዛው? ምን ልብላ?»

አቦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። ምን ልብላ ብለህ ጠየቅከኝ። እኔ ደግሞ የምትበላበትን ሰዓት ፈልጌ አጣሁ። እስቲ አብረን እንቁጠር። ጠዋት ቡና፤ ቡና ምግብ አይደለም። ምሳ ሁለት ሦስት ጉርሻ። ከሰዓት ጫት፣ ለስላሳ፣ ሻይ። ማታ ምንም። ከትናንት ምሳ እስከ ዛሬ ምሳ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ሆድህ የሚያውቀው ስኳርና ቡና ብቻ ነው። ከዚያም በኋላ የሚያገኘው ሦስት ጉርሻ ነው። ባለቤትህ ቲክቶክ ሳታይ ነገሩን አግኝታዋለች።

አንጎላችን ከክብደታችን 2 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ሥራ ፈትተን ተቀምጠን እንኳ ሰውነታችን ከሚያቃጥለው ጉልበት 20 በመቶ ያህሉን የሚወስደው ግን እሱ ነው። ሱቅህ ተዘግቶም ኪራይ እንደሚቆጥረው ማለት ነው።

የሰው ልጅ ሲራብ ጠባዩ ምን እንደሚሆን በደንብ ተጠንቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. 1944፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንሴል ኪስ የሚባል ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣቶችን ሰበሰበ። ፈቃደኞች ነበሩ፤ ጦር ሜዳ ሄደን አንዋጋም ያሉ ልጆች ናቸው። ስድስት ወር ያህል ከለመዱት ግማሽ የሚሆን ምግብ ብቻ ተሰጣቸው። ክብደታቸው በሩብ ቀነሰ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። የገረመው ጠባያቸው ነበር። ሳቅና ጨዋታ ጠፋ። በትንሹ ይቆጣሉ። ሰው ይሸሻሉ። ድብርት ገባቸው። ስለ ምግብ ብቻ ያስባሉ፤ አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ ጀመሩ። ከመጀመሪያው ጤነኛ መሆናቸው ተመርምሮ የተመረጡ ናቸው እንግዲህ። «ደንበኛ ዋጋ ሲከራከረኝ ቱግ እላለሁ» ስትለኝ እነሱ ትዝ አሉኝ። የአንተ እንደነሱ የከፋ አይደለም። መንገዱ ግን ያው ነው።

አሁን ወደ ጫቱ። በአንዲት መስመር አለፍካት፤ «እንደ ማንኛውም የድሬ ልጅ ትንሽ እንቅማለን» ብለህ። እኔ እዚያች መስመር ላይ ነው የቆምኩት። ተቆጪ አክስት ልሆንብህ አይደለም። እዚሁ ነው ያደግኩት። አባቴ ቃሚ ነበር፤ እኔም ሐረር ስማር በፈተና ሰሞን ቅሜያለሁ። ስለዚህ አንተዋወቅም እንዳትለኝ።

ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ ዘመድ ነው። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ኬሚካል ያበዛል፤ ምርቃናው፣ ወሬው፣ ነገ የሚሠራው ፎቅ ሁሉ ከዚያ ይመጣል። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ካቲኖን ቶሎ ይፈርሳል። ከአወዳይ ጫት የጫነው አይሱዙ መንገድ ላይ እንደዚያ የሚበረው ለዚህ ነው። ያው ንጥረ ነገር ረሃብን ያጠፋል፣ ጨጓራ ምግብ የሚያሳልፍበትን ፍጥነት ያዘገያል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ማታ «ምግብ አይገባልኝም» የምትለው ሆድህ ስለጠገበ አይደለም። ረሃቡ እንዳይሰማህ ስለተደረገ ነው።

ነጋዴ ነህ፤ ዱቤ ታውቃለህ። ከሰዓት በዱቤ የወሰድከውን ደስታ ጠዋት ነው የምትከፍለው። ጠዋት ደግሞ ባዶ ሆድህን፣ ሳትተኛ፣ በሁለት ሲኒ ቡና ትከፍላለህ። «ስነሳ ሰው ማየት አልፈልግም» ያልከው ሰዓት ያ የክፍያ ሰዓት ነው። ድብርቱ ሁሉ ከጫት ነው እያልኩህ አይደለም። ከአንድ ደብዳቤ ያን ማወቅ አልችልም። ግን ጫቱን እንደነበረ አስቀምጠን ስለ ሙዝ ብናወራ መቀላለድ ይሆናል።

አባቴን ላስታውስ። በርጫ ላይ ባዶ ሆዱን አይቀመጥም ነበር። እናቴ ቅቤ የገባበት ፍትፍት ሳታበላው አትለቀውም። እሱም ቢሆን «አምጪ፣ በልቼ ልቀመጥ» ይላል። የድሮ ቃሚ እንዲህ ነበር፤ ምሳው የበርጫው አካል ነው። የእኛ ዘመን ሰው ምሳውን ትቶ በለስላሳ ተካው። አብዛኛው ለስላሳ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ሁለት የ300 ሚሊ ጠርሙስ ከጠጣህ 60 ግራም፣ ማለትም አሥራ አምስት የሻይ ማንኪያ ገደማ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ከ50 ግራም ባይበልጥ፣ እንዲያውም ከ25 ባያልፍ ይላል። ሻዩ ገና አልተቆጠረም፤ የድሬን ሻይ ደግሞ አንተም እኔም እናውቀዋለን።

ዛሬውኑ ጫት ተው አልልህም። ተው ብልህ አትሰማኝም፤ ብትሰማኝም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሀራራው፣ ዱካኩ፣ ድብርቱ ብሶ ይመጣና «ይኸው ሳልቅም ባሰብኝ» ብለህ ትመለሳለህ። የምለምንህ ሦስት ነገር ነው። ሳትበላ አትቀመጥ። ሳይመሽ ተነሣ፤ በኋላ እራትና እንቅልፍ እንዲተርፉህ። ከሳምንቱም ሁለት ቀን ዝለል፤ ከዚያ ሦስት ታደርገዋለህ። ሌላም ልጠይቅህ፤ ማታ ምርቃናውን በቢራ ትሰብራለህ? አልጻፍክም። ጨብሲ ካለበት ነገሩ ሌላ ነው። አልኮል ራሱ ድብርት ያመጣል፣ እንቅልፍም ይበጣጥሳል። ካለ ለሐኪም ሳትደብቅ ንገር።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ምግብ ሙድ ይቀይራል? አዎ፣ ግን ቲክቶክ በሚለው መንገድ አይደለም። ሙዙን እንውሰድ። «ሙዝ ውስጥ ሴሮቶኒን አለ፣ ስለዚህ ደስ ያሰኛል» ይላሉ። ሴሮቶኒን፣ ስሜትን የሚነካው ኬሚካል፣ መኖሩስ አለ። ሆኖም ከሆድ ተነሥቶ አንጎል ውስጥ አይገባም፤ በመካከል የሚያግደው ግድግዳ አለ። አንጎል የራሱን ሴሮቶኒን የሚሠራው ከፕሮቲን ከሚያገኘው ትሪፕቶፋን ነው። ሙዝ ብላ፣ ጥሩ ፍሬ ነው። ከሙዝ ደስታ አትጠብቅ።

የማምነው ጥናት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አውስትራሊያ ውስጥ ፌሊስ ጃካ የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ ያወጡት። ድብርት ያለባቸውን፣ አመጋገባቸውም ደካማ የነበረ 67 ሰዎች ወሰዱ። ብዙዎቹ መድኃኒት ወይም የምክር ሕክምና ላይ ነበሩ። ግማሾቹ ለሦስት ወር ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር አመጋገባቸውን አስተካከሉ፦ አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ዓሣ፣ የወይራ ዘይት። ጣፋጭና የተጠበሰ ነገር ቀነሱ። ሌሎቹ ደግሞ ያንኑ ያህል ጊዜ የሚያጫውታቸው ሰው ተመደበላቸው። በመጨረሻ ከምግቡ ቡድን ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ከድብርቱ ወጣ። ከጨዋታው ቡድን 8 በመቶ ብቻ። ትንሽ ጥናት ነው፤ ሰዎቹም የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳሉ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ ወርቅ ነው ብዬ አልምልልህም። ደግሞም ነገሩ በሁለት በኩል ይሄዳል፦ ድብርት ራሱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ቢሆንም የፈረንጅ ወሬ ብቻ አይደለም። ደስ ያለኝ ደግሞ አንድም ተአምረኛ ምግብ አለመኖሩ ነው። ማዕዱ በሞላው ነው የተቀየረው።

ክኒኑስ? እ.ኤ.አ. በ2019 አውሮፓ ውስጥ በአራት አገር ከ1,000 በላይ ሰዎች ላይ ተሞክሯል። ግማሾቹ ኦሜጋ ሦስት፣ ቫይታሚን ዲ፣ ፎሊክ አሲድና ሴሌኒየም አንድ ዓመት ሙሉ ወሰዱ፤ ሌሎቹ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን። ወፈር ያሉ፣ ድብርት ሊይዛቸው ይችላል የተባሉ ሰዎች ናቸው። ክኒኑ ድብርት እንዳይዛቸው አልተከላከለም። ስለዚህ 2,800 ብሩን ኪስህ አቆየው። በምርመራ የጎደለህ ነገር ከተገኘ ሐኪሙ ራሱ የሚያዝልህ አለ፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ሱቅ ለሱቅ «አመጣልሃለሁ» ከሚል ሰው ግን አትግዛ። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ አንተም እሱም አታውቁም።

እሺ፣ ምን ትበላለህ? የወይራ ዘይትና ሳልሞን ፍለጋ አትሂድ። ቀፊራ ውስጥ ተቀምጠህ ምን ልብላ ማለትህ ራሱ አስቆኛል። ከሱቅህ ወጣ በል፤ ባቄላው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ቲማቲሙ፣ ማሽላው እዚያው ነው።

ቁርስ ላይ ፉል። ባቄላ ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው፤ ለረጅም ሰዓት ይይዝሃል፤ ፕሮቲንም ፎሌት የሚባለው ቫይታሚንም አለው። እንቁላል ጨምርበት፣ ሎሚ ጭመቅበት። «ቁርስ አልወድም» ማለትህን አልረሳሁም። ግን ቁርስ የጠላኸው አንተ ነህ ወይስ የትናንቱ ጫትና የዛሬው ቡና? መጀመሪያ ግማሽ ሳህን ብላ። ቡናው ከምግቡ በኋላ ይምጣ። ሙሉ ሳህን እስክትለምድ እንቁላል ያለበት ፈጢራም አይከፋም፤ በየቀኑ ባይሆን ይሻላል እንጂ። የግመል ወተት የምትወድ ከሆነ አንድ ብርጭቆ ከባዶ ሆድ በብዙ ይበልጣል።

ምሳ ላይ እውነትህን ነው። ግንቦት ላይ፣ ድሬ ውስጥ፣ በቀትር፣ የሚፋጅ ወጥ ፊት መቀመጥ ቅጣት ነው። ግን አገራችን ቀዝቃዛ ምግብ ሞልቷታል። ቲማቲም ፍትፍት አለ። አዚፋ አለ፤ ምስር በሰናፍጭና በሎሚ፣ ቀዝቅዞ። ተልባ ፍትፍት አለ። ተልባ ቲክቶክ የሚያወራልህ ኦሜጋ ሦስት አለው፤ የዓሣውን ዓይነት ባይሆንም፣ ሰውነት ወደዚያ የሚቀይረውም ጥቂቱን ብቻ ቢሆንም። ዓሣ ካማረህ የቆርቆሮ ሰርዲን ይሠራል። ለባለቤትህ ንገራት፤ ደግሞ አንተም አዚፋ መሥራት ብትችል ምንም አይልህም። ከሰዓት ለስላሳ በምትጠጣበት ሰዓት ዘይቱን ወይም ማንጎ፤ በወቅቱ ከሆነ ጊሽጣ። እራትህን ደግሞ ከልጅህ ጋር ብላ። ትንሽም ቢሆን። ለልጅ ሲሉ መብላት ይቀላል።

ውኃ አለ ደግሞ። ብዙ ሰው ይንቀዋል። በዚህ ሙቀት ሰውነት ትንሽ ውኃ ሲጎድለው ራስ ያምማል፣ ሐሳብ ይበተናል፣ ሰው ነጭናጫ ይሆናል። ቡናና ለስላሳ እየጠጣህ ጠጣሁ ትላለህ። ሽንትህ እንደ ሻይ ከጠቆረ ጎድሎሃል ማለት ነው። አንድ ትልቅ የውኃ ጠርሙስ ሱቅ ውስጥ አስቀምጥ።

ካፌይን ከሰውነት ግማሹ እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። የጠዋቱ ሁለት ሲኒ አያስጨንቀኝም። ከሰዓት የምትጠጣው ሻይና ኮላ ግን ማታ አልጋ ላይ አብሮህ ይጋደማል።

ባለቤትህን እንዳንረሳት። «ድካም ድካም ይላታል» ብለህ አልፈሃል። በወር አበባ ዕድሜ ያለች ሴት ብረት ሲያንሳት ድካም፣ ብስጭትና ጉልበት ማጣት የተለመደ ነው። እኛ ቤት ደግሞ ምግብ ሳይነሣ ሻይ ይቀርባል። ሻይና ቡና በምስር፣ በጎመንና በጤፍ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳሉ። አንድ ሰዓት ያህል ብታቆዩት፣ ምግቡ ላይም ሎሚ ብትጨምሩበት የተሻለ ይገባል። የደም ምርመራዋም አብሮ ይታይ። አንተ ለራስህ ስትሄድ ይዘሃት ሂድ።

አዎ፣ ትሄዳለህ። «ሁሉም ነገር ምን ዋጋ አለው» ያልካት ነገር አላስተኛችኝም። እንዲሁ የደከመው ሰው ንግግር ልትሆን ትችላለች። ግን ራስህን የመጉዳት ወይም መሞት ይሻላል የሚል ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል? መጥቶ ከሆነ ይህን አንብበህ ስትጨርስ ለባለቤትህ ወይም ለምታምነው ሰው ንገር። ምግቡን ተወው፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ፣ ድል ጮራም ቢሆን የሚቀርብህም። ሐረር ያላችሁ ሕይወት ፋና አለላችሁ። ባይመጣብህም ድብርቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ያለማቋረጥ ከቆየ ያው ሐኪም ፊት ትቀርባለህ። ስኳር፣ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ፣ ቢ 12፤ ድብርት የሚመስሉ ወይም ድብርት የሚያመጡ ነገሮች ናቸው፣ በደም ይታያሉ። ጫት መቃምህን ደግሞ ንገረው። ከሐኪም ጫት የሚደብቅ ሰው ከድሬ ውጭ አላየሁም። ድሬ ውስጥ ደግሞ ለምን እንደሚደበቅ አይገባኝም፤ ሐኪሙም ያውቃል።

ለሌሎቻችሁ፣ በተለይ ጾመኞች ለሆናችሁ፣ አንድ ነገር ልበል። ቢ 12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ሰውነት ጉበት ውስጥ ለብዙ ጊዜ ስለሚያስቀምጥ ሁዳዴን መጾም በራሱ ቢ 12 አይጨርስም። ነገር ግን ሲፈታም ሥጋና እንቁላል የማታገኙ፣ ወይም ለስኳር ሜትፎርሚን የምትወስዱ ከሆነ ተመርመሩ። ሲጎድል መርሳት፣ እጅና እግር መደንዘዝና ድብርት ያመጣል።

አሁን የቤት ሥራህን ልስጥህ። ከሰኞ ጀምሮ የዱቤ ደብተርህን ገልብጠህ ከጀርባው ጻፍ። ምን ሰዓት በላህ፣ ምን በላህ፣ ምን ሰዓት ቃምክ፣ ስንት ሰዓት ተኛህ፣ ስንት ሰዓት ላይ ቱግ አልክ። አራት ሳምንት። የምትጮህበት ሰዓት ከባዶ ሆድህ ሰዓት ጋር ይገጥም እንደሆነ ራስህ ታየዋለህ። ካልገጠመም ለሐኪሙ የምታሳየው ነገር ይኖርሃል። ከዚያ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ጽሕፈትህ እንደ ደብዳቤህ ከሆነ ግን ለባለቤትህ አስጽፋት፤ ሁለቱን ገጽ ለማንበብ መነጽር ቀይሬያለሁ።